እመት አህያና የጅቡ ጭምብል

አንድ ጊዜ በአራዊት አገር በትንፋሽ የሚተላለፍ ክፉ ሳል ገባ። ጠዋት ስትዘል የታየች ሚዳቋ ማታ ተጋድማ ትገኝ ጀመር። መድኃኒት አዋቂዋ እመት ጦጣ የታመሙትን ሁሉ ዞራ ካየች በኋላ አያ አንበሶ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ መድኃኒቱን ገና አላገኘሁትም» አለች። «እስካገኘው ድረስ ግን አንዱ የሌላውን ትንፋሽ አይማግ። አንድ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ሁሉ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።»

አንበሳም ይህንኑ አሳወጀ። ጎጆ ሠሪዎቹ ወፎች ሣር እየጎነጎኑ ለእያንዳንዱ በአፉ ልክ ጭምብል ሠሩለት። አዋጁ ከሁሉ የጠበቀው በትልቁ ጎተራ ነበር፤ የበጋው ቀለብ በሙሉ፣ እህሉም ቋንጣውም አጥንቱም የተከማቸው እዚያ ነውና። በጎተራው የሚሠሩት ሦስት ነበሩ። እመት አህያ የእህል ስልቻ ትሸከማለች፤ አያ ጅቦ ከባድ ከባዱን አጥንት ያወጣል፣ ያስገባል፤ አያ ቀበሮ በር ይጠብቃል።

ሥራው ፀሐይ ስትወጣ ተጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ያልቃል። ጎተራው ውስጥ እስካሉ ድረስ ጭምብል አይወልቅም። ለእመት አህያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቅ ነበሩ። የገዛ ትንፋሿ እየሞቀ ተመልሶ ፊቷን ይፈጃታል። ማሰሪያው የጆሮዋን ሥር ይልጠዋል። ላቧ ሲደርቅ ያሳክካታል፤ እንዳታክ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ስልቻ አለ። ይህን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው ሌላ ነገር ነው።

አህያ የጅብን ነገር የምታውቀው በጥርሱ ነው። ከንፈሩ ከገጠመ ጠግቧል፣ ጥርሱ ከታየ መሸሽ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷ ያስተማረቻት ይህንን ነበር። አሁን ጥርሱ ተሸፍኗል። ከጭምብሉ በላይ የሚታዩት ሁለት ዓይኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከእሷ ላይ አይነሡም።

«አያ ጅቦ፣ ምን ታየኛለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«እም» አለ ጅብ።

«ምን አልክ?»

«እምም።»

ከጭምብሉ ሥር ለሐጩ ተንጠባጠበ። እመት አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጀርባዋን አላዞረችለትም። ስልቻ ተሸክማ የኋሊት ስትሄድ ምሰሶው እየገጫት ጎኗ ቆሰለ።

በር ላይ የሚቆመው አያ ቀበሮ ይህን ሁሉ ያያል። አንድ ረፋድ ላይ ጠጋ አላትና፣ «እመት አህያ፣ ላንቺ ስል ነው የምነግርሽ» አለ በሹክሹክታ። «ቋንጣው እየጎደለ ነው።»

«ማን ወሰደው?»

«እኔ የማንንም ስም አላነሣም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀትር ላይ ሜዳው ላይ ተራርቀን፣ ጭምብላችንን አውልቀን ምሳ እንበላለን አይደል? እሱን እዚያ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

እመት አህያ አሰበች። አንድም ቀን አላየችውም።

«ምሳውን የሚተው ጅብስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እንግዲህ ሆዱን በምን ሞላው?» አለ ቀበሮ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ። «ከጭምብል ሥር ቢያኝክ ማን ያይበታል? ቋንጣው ሲያልቅ ደግሞ ወደ ማን እንደሚዞር አንቺ ታውቂያለሽ።» ይህን ብሎ አሳለውና አፉን ዞር አደረገ። «አቧራው ነው» አለ።

እመት አህያ ለአፍታ እሱንም ጠረጠረችው፤ ጭምብሉ አገጩ ላይ ወርዶ ተንጠልጥሏል። «አያ ቀበሮ፣ ያንተስ ጭምብል?» አለችው።

«በር ላይ ነፋስ አለ፤ እኔን አይመለከተኝም» አላት። እሷም ተወችው። ሐሳቧ ሁሉ ጅቡ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጅቡ በተነፈሰ ቁጥር ያኘከ፣ ባዛጋ ቁጥር የዋጠ ይመስላት ጀመር። ጭምብሉ አንድ ጊዜ ሲነፋ አንድ ጊዜ ሲረግብ እያየች፣ «ይኸው፣ አሁን ዋጠ» ትላለች በልቧ። ቋንጣውም በየቀኑ እየሳሳ ሄደ።

በመጨረሻ አንበሳ ጎተራውን ሊጎበኝ ከእመት ጦጣ ጋር መጣ። ሠራተኞቹ ሁሉ ደጅ ወጥተው እጅ ነሡ። እመት አህያ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻለችም።

«ጌታዬ፣ ቋንጣ እየተሰረቀ ነው! ሌባውም ይኸውልዎት! አፉን ይመልከቱ!» ብላ የራሷን ጭምብል ወደ ታች ገፋ አደረገችና የጅቡን በጥርሷ ይዛ ቦጨቀችው።

ሁሉም ጅቡ ላይ አፈጠጠ።

የጅቡ አፍ ባዶ ነበር። አፍንጫው በማሰሪያው ተልጦ ሥጋው ቀልቷል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጅብ መሬት ላይ የወደቀውን ብጥስጣሽ ሣር ሲያይ ጮኾ አለቀሰ።

«የበሬ ጭኔን! የበሬ ጭኔን አሳጣችኝ!»

«የምን የበሬ ጭን?» አለች እመት አህያ ግራ ገብቷት።

«ጌታዬ ራስዎ ነዎት ያሉኝ!» አለ ጅብ ወደ አንበሳ ዞሮ። «‹ጎተራ ውስጥ አንድ ወር ጭምብሉን ሳታወልቅ ከሠራህ አንድ የበሬ ጭን እሰጥሃለሁ› አላሉኝም? አንድ ቀን ነበር የቀረኝ!»

«ጎተራ ውስጥ አልኩህ እንጂ ሜዳ ላይ አታውልቅ መቼ አልኩህ?» አለ አንበሳ። «ምሳህን ለምን አትበላም ነበር?»

ጅብ አንገቱን ደፋ። «ካወለቅሁት መልሼ ማሰር አላውቅበትም። ጠዋት ሚስቴ ታስርልኛለች፣ ማታ ሚስቴ ትፈታልኛለች።»

እመት አህያ የምትገባበት ጠፋት። ይህን ጊዜ ከጎተራው ውስጥ የሳል ድምፅ ተሰማ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ማቆሚያ የሌለው ሳል። ሁሉም ዙሪያውን ቢያይ ቀበሮ የለም። ለካ ሁሉም ጅቡ ላይ ሲያፈጥ እሱ ተሹለክልኮ ከስልቻው ክምር ኋላ ገብቶ ኖሯል። አንበሳ ሲያገሣ ቀበሮ ደንግጦ ወጣ፤ ጭምብሉ አገጩ ላይ፣ የቋንጣ ፍርፋሪ ጢሙ ላይ። በበሩ አፈትልኮ ሊሮጥ ሲል ከጅቡ ጋር ፊት ለፊት ተላተመና የያዘውን ሳል በሙሉ ባዶ ፊቱ ላይ ለቀቀበት።

«ተሸፈኑ!» ብላ ጮኸች እመት ጦጣ።

እመት አህያ ጭምብሏን ወዲያው መለሰች። የጅቡ ግን ተበጫጭቋል።

ቀበሮ ከደጁ ሳይርቅ ተያዘ፤ በር ጠባቂነቱም በዚያው ቀን ቀረ። እመት ጦጣ ሦስቱንም ለየብቻ አስቀመጠቻቸው። ቀበሮ ብዙ ታሞ ለጥቂት ተረፈ። እመት አህያ ምንም ሳትሆን ለብቻዋ የተቀመጠችበትን ቀን ጨርሳ ወጣች። ጅቡ ግን በሳምንቱ ሳሉ ይዞት ተኛ።

እመት አህያ ሣር አልወርድ አላት። እመት ጦጣን አስፈቅዳ፣ አዲስ ጭምብል አድርጋ፣ የአጥንት ሾርባ በማሰሮ ይዛ ወደ ጅቡ ዋሻ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ይቅር በለኝ» አለች ከሩቅ ቆማ። «ያላጠፋኸውን አጥፍተሃል ብዬ ለሳል የዳረግሁህ እኔ ነኝ።»

«የበሬ ጭኑስ?» አለ ጅብ በደከመ ድምፅ።

«አያ አንበሶ ስትድን ይሰጥሃል ብለዋል።»

የጅቡ ፊት በራ። እመት አህያ ትንሽ አመነታች። ከዚያ፣ «እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ያን ሁሉ ቀን ከእኔ ላይ ዓይንህን ያልነቀልከው ልትበላኝ አስበህ ነው?»

ጅብ ውሸት ለመፍጠር እንኳ አእምሮው አይደርስም። «በየቀኑ አስብ ነበር» አለ። «ግን ለመብላት ጭምብሉን ማውለቅ ነበረብኝ።»

እመት አህያ ማሰሮውን በረጅም እንጨት ወደ እሱ ገፋችለት። እስኪጨርስ ጠበቀችና የኋሊት እየሄደች ተመለሰች። በማግሥቱም ሾርባውን ይዛ መጣች፤ እንጨቱንም አልረሳችም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዓይናችንን ሁሉ ከድሮ ጀምሮ በምንፈራው ላይ ብቻ ስንተክል፣ ጆሯችን ሥር ሆኖ የሚያንሾካሹክልንን ሌባ ሳናየው እንደምንቀር ነው።