ሳይላስ ያደገው ጥጃ

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡም ዛሬ የሚያባራ አይመስልም፣ የትም የሚሮጥ የለም። አንቺም ሕፃኑን እንዳቀፍሽ ተጠጊ፤ ይህ ተረት ላቀፈም ለታቀፈም ነው።

በድሮ ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ ባለቤት የሌለው የከብት መንጋ ይኖር ነበር። ራሱ ይሰማራል፣ ራሱ ውኃ ይወርዳል፣ ሲጣላም ራሱ ይዳኛል። በዚያ መንጋ ውስጥ ዳለቻ የምትባል ላም ነበረች፤ ስታመነዥክ እንኳ ድምፅ የማታሰማ ዝምተኛ።

ዳለቻ ያረገዘችው በክፉ ዘመን ነው። ዝናብ ጠፍቶ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ እሾህና የዛፍ ቅርፊት እየበላች ነው ሆዷን የገፋችው። ባሏ ኮርማው ሻንቆ ደግሞ የረሃቡን ንዴት በሷ ይወጣባታል። አጠገቧ በደረሰ ቁጥር ጎኗን በቀንዱ ይጎሽማታል፣ «ዞር በይ!» ይላታል። መንጋው ውኃ ፍለጋ ሲጓዝ መንገድ ላይ ወለደች። አይታችሁ እንደሆነ፣ ላም ስትወልድ መጀመሪያ የምትሠራው ጥጃዋን መላስ ነው። ትልሰዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ገላውን ታሞቀዋለች፤ «የኔ ነህ» የምትለው በምላሷ ነው። ዳለቻ ግን ራሷን ቀና ማድረግ አልቻለችም። ጥጃውን ያደረቀው ነፋስ ነው።

ግንባሩ ላይ ነጭ ነገር ስላለበት ቦቃ አሉት።

ቦቃ ቆሞ መሄድ እንደ ቻለ ጡት ፈለገ። የእናቱ ጡት ደርቋል። ወደ ሌላዋ ሄደ፣ ረገጠችው። ወደዚያኛዋ ሄደ፣ ረገጠችው። ወደ አባቱ ጥላ ቢጠጋ በቀንድ ተገፋ። ዛሬ ባደረገው ነገር ይመታል፤ ነገ ያንኑ ሲያደርግ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ምን ይማር እንግዲህ? አንድ ነገር ብቻ ተማረ።

ዝናቡ መጣ፣ ሣሩ በቀለ፣ ሁሉም ጠገበ። የቦቃ ጠባይ ግን እዚያው ረሃቡ ዘመን ላይ ቀረ። ጥጆች ሲጫወቱ ገብቶ ይወጋል። ውኃውን ያደፈርሳል። የተኛውን ይረግጣል።

«ምነው ቦቃ፣ ምን አደረገህ?» ሲሉት፣

«ሳይወጉኝ ልውጋ፣ ሳይረግጡኝ ልርገጥ!» ይላል።

ላሞቹም፣ «ተዉት፣ ጥጃ ነው። ሲያድግ ይተወዋል» ይባባላሉ።

ሌሎቹ ጥጆችም እኮ ይዋጉ ነበር። ጥጃ ካልተዋጋ ማን ሊዋጋ! እነሱ ግን ክረምቱ ሲወጣ ተዉት፤ ቦቃ አልተወም። እማማ ዛጎሌ የምትባል ቀንድ የሌላት አሮጊት ላም ነበረች፤ አንድ ቀን የሷን ጭራ ነከሰ።

«ምነው ቦቃ?»

«ሳይወጉኝ ልውጋ፣ ሳይረግጡኝ ልርገጥ!»

«እኔ በምኔ ልውጋህ ልጄ?» አለችው። እሱ ግን ሮጦ ሄዷል።

ላሞቹ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» አሉ። አሁን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ሻንቆ ደግሞ ይመታዋል። አባቱ በመታው ቁጥር ቦቃ ከሱ የሚያንስ ፈልጎ ይመታል።

እንዲህ ሲል ሰንብቶ ቀዮ የምትባል ላም የወለደቻትን ጥጃ ከገደል አፋፍ ገፈተራት። እግሯ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ «ሲያድግ ይተወዋል» ያለ የለም።

መንጋው ሾላ ዛፍ ሥር ለሸንጎ ተሰበሰበ። እግሯ የተሰበረው ጥጃ እናት ቀዮ እንደ እብድ ሆናለች። «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ! ምን አሳዳጊ የበደለው ነው የጣላችሁብን!» ብላ ዳለቻ ላይ ጮኸችባት። ዳለቻ ራሷን ደፋች።

ይህን ጊዜ ከቁጥቋጦው ጀርባ አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤቶቼ፣ አትጨነቁ። ጠባይ ማስተካከል የኔ ሥራ ነው። እስከ ዋሻዬ ይከተለኝና እንደ በግ ለስልሶ ታገኙታላችሁ።»

«እስካሁን ስንቱን አስተማርክ አያ ጅቦ?» አለች አንዲት ጊደር።

«ኧረ ስንቱን!»

«ተምሮ ሲወጣ ግን ያየነው የለም።»

«ትምህርቱ ጥልቅ ነዋ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁ ነበር። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ጅብ ምን እንደሆነ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ድካም ነው። የደከመ ደግሞ የሚያውቀውን እንዳላወቀ ያልፋል። ሻንቆም፣ «ይውሰደው። የኔ ቀንድ ያላቀናውን የሱ ዋሻ ያቅናው» አለ።

ሁሉም ወደ ዳለቻ ዞሩ። ላም እሳት ወለደች ይባል የለ? እንዳትልሰው ያቃጥላታል፣ እንዳትተወው ልጇ ነው። ዳለቻ የገዛ ልጇን መፍራት ከጀመረች ሰንብታለች። «ይውሰደው» ሲባል ሆዷ ውስጥ አንዲት ዕረፍት ብልጭ አለችባት። በዚያች ዕረፍት እሷው ራሷ ደነገጠች። ቦቃ መሐል ላይ ቆሞ ሁሉንም በየተራ ያያል፤ ቀንዱንም ወደ ሁሉም ይደግናል።

«እንግዲህ ተፈርዷል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልሂድበት» አለ ጅቡ።

«ቆይ አያ ጅቦ፣ ተማሪህ አያመልጥህም» አለች እማማ ዛጎሌ እየተጎተተች ወደ ፊት ወጥታ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ጥጃ የላሰው ማነው?»

«እናቱ ናታ፣ ሌላ ማን ሊልሰው!» አለች ቀዮ።

«አልላስኩትም» አለች ዳለቻ። ድምፅዋን ለማያውቁት አዲስ ሆነባቸው። «አቅም አልነበረኝም። ኋላ አቅም ሳገኝ እሱ መጠጋት ትቶ ነበር። እኔም መጥራት ተውኩ።»

«አታፍሪም?» አለች አንዷ።

«ለምን ታፍራለች?» አለች ዛጎሌ። «ምላሷን የነጠቃት ረሃብ ነው። እኛስ? ጠብታ ወተት የነበራት ከመካከላችን አልነበረችም? ያን ጊዜ ጡት ብሎ ሲመጣ ያልረገጠችው ማናት?»

ላሞቹ መሬት መሬቱን አዩ። ቀዮም አየች፤ እሷም ረግጣዋለች።

ሻንቆ ግን፣ «እኔንም አባቴ በቀንድ ነው ያሳደገኝ። ምን ሆንኩ?» ብሎ ራመድ አለ። ራመድ ሲል ዳለቻ ሳታስበው ጎኗን ሸሸገች። ቦቃም ልክ እንደ እናቱ ጎኑን ሸሸገ። መንጋው ሁሉ አየ። ሻንቆም አየ። «ምን ሆንኩ» ማለቱን ያን ቀን ተወ።

ዳለቻ ወደ ልጇ ሄደች።

«ሳይወጉኝ ልውጋ!» አለና ደረቷን ወጋት። ደም ወጣ። አልሸሸችም፣ አልመታችውም፤ ግንባሩን ላሰችው።

«ሳይረግጡኝ ልርገጥ!» አለና ረገጣት። አንገቱን ላሰችው።

«ሳይወጉኝ…» ብሎ ጀመረ፤ የቀረው ጠፋበት።

«ምን እያደረግሽኝ ነው?» አላት።

«እየላስኩህ።»

«ያማል?»

«አያምም፣ ልጄ።»

እንዴት እንደሚቆም ግራ ገባው። ተልሶ የማያውቅ እንዴት አድርጎ ይቆማል?

አያ ጅቦ ግን ደም ሸተተው። አስተማሪነቱን እዚያው ረሳና ወደ ቆሰለችው ዳለቻ ተወረወረ። ከብቶቹ ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ክብ ሠሩ፤ ቀንድ ሁሉ ወደ ውጭ ዞረ። ቦቃም ይህችን የምታህል ቀንዱን ደግኖ ከትልልቆቹ ጋር ሊሰለፍ ሲል እማማ ዛጎሌ በግንባሯ ገፋ አደረገችው።

«አንተ መሐል ግባ። የጥጃ ቦታው መሐል ነው።»

ቦቃ መሐል ገብቶ አያውቅም። ገባ፤ ከእናቱ ሥር ቆመ። ከክቡ ውጭ የሻንቆ ቀንድ ከጅቡ ጎን ሲገናኝ ሰማ። ያን ቀን የወጋው ለሱ እንጂ እሱን አልነበረም።

አያ ጅቦ ጎኑ ተዘንጥሎ ከዚያ አገር ወጣ፤ በሄደበትም «ልጅ ላስተካክል» ማለቱን አልተወም፣ የሚሰጠው ሲያገኝም ይወስዳል። ቦቃ በአንድ ቀን አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ ወግቷል፤ ሲወጋም ይከለክሉታል እንጂ አይመቱትም። ማለዳ ማለዳ እናቱ ትልሰዋለች፣ ሲደክማት ሌላዋ ትተካታለች፤ እያደር መውጋቱ ራቀ፣ አድጎም ደህና ወይፈን ሆነ። ሻንቆ ንዴቱ ሲመጣበት ሄዶ ኩይሳ መውጋት ለመደ። አልፎ አልፎ ይረሳውና ዳለቻ ጎኗን ትሸሽጋለች፤ ያን ቀን ርቆ ያድራል። የቀዮ ጥጃ ዕድሜ ልኳን አነከሰች። ቀዮም ቦቃን አልወደደችውም፤ ሲጠጋት ግን አትረግጠውም። ዳለቻ ሌላ ስታረግዝ ላሞቹ ለምለሙን ሣር ተዉላት፤ በወለደችም ጊዜ ዙሪያዋን ቆመው አብረዋት ላሱ። እማማ ዛጎሌ ያን ዓመት በእርጅና ሞተች።

የኔ ከዚህ ላይ አበቃ፤ ይህችን ደግሞ እናንተ ያዙልኝ፦

በማለዳ ያልላሱት ጥጃ፣ ሲመሽ በቀንዱ ይጠይቃል።