ሦስቱ የአዝዋር ጠባቂዎች

በአንድ ወቅት፣ እህሏንም ስጋቷንም ከአንድ ወንዝ የምትቀበል ሸንበቆ ሜዳ የምትባል ቀበሌ ነበረች። ወንዙ አዝዋር ይባላል። በበጋ ልጆች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ይሻገሩታል፤ በነሐሴ ግን በሬ ከነቀንበሩ ይወስዳል። ደለሉ ጥሩ ሩዝ ያበቅላልና ሰው ትቶት አልሄደም። ወይዘሮ አንጓችም ከባሏ ከካሴ ጋር እዚያው ጎጆ ቀልሳ፣ ሦስት ልጆች ወልዳ ትኖር ነበር። ትልቋ ብርቄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱ ገና ሕፃናት ናቸው።

ወንዙን የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ከላይ፣ ከተራራው ሥር፣ የመስኖ ግድብ አለ፤ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋው አቶ አለኸኝ የሚባል ጡረታው የደረሰ ሰው ነው። ከመካከል፣ ከድልድዩ ሥር፣ የውሃ መለኪያ ዘንግ ተተክሏል፤ ዘንጉን እያነበበ ለውሃ ጽሕፈት ቤት የሚያስታውቀው ሙሉሰው፣ የዚያው የሸንበቆ ሜዳ ተወላጅ ነው። ከታች ደግሞ አፈር ተቆልሎ ከፍ ብሎ የተሠራ መንገድ ሜዳውን እንደ መቀነት ያቋርጠዋል፤ እሱን የምትጠብቀው እናኑ የምትባል የመንገድ ጽሕፈት ቤት መሐንዲስ ናት። ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች በወረዳው ከተማ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳቸው ተያይዞ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት «የጎርፍ መከላከል የጋራ ኮሚቴ» ተብለው አንድ ቀን ተሰብስበው ነበር። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ተፈራረሙ፣ ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴውን ያየው የለም።

ያን ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተራራው አራት ቀን ሙሉ ዘነበበት። በአምስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንጓችና ካሴ ብርቄን አስከትለው ሩዝ ሊያርሙ ወረዱ። ሕፃናቱን ታች መንደር፣ መንገዱ ሥር ከምትኖረው ከአማቷ ዘንድ ትተዋቸው ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የግድቡ ውሃ ቀዩን መስመር ነካ። መመሪያው «ቀዩን ሲነካ በሩን ጥቂት በጥቂት ክፈት» ይላል። አለኸኝ እጁን መዘውሩ ላይ እንዳደረገ ቁልቁል ወደ ሜዳው ተመለከተ። ጭጋጉ ገለጥ ሲል ሰው ሩዝ ውስጥ አጎንብሶ ይታየዋል። ወደ አለቃው ደወለ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። ደግሞ ደወለ፤ ያው ነው። «እነዚህን ሰዎችማ በእጄ አላሰጥምም» አለና እጁን ከመዘውሩ አነሣ። ዝናቡ ያባራል፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ይገባል ብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃውን ያዘው። አምስት ሰዓት ላይ የግድቡ ግንብ ከጎኑ ውሃ ማንባት ጀመረ። ግንቡ ቢናድ አራት ቀበሌ ሰው አይተርፍበትም። ያን ጊዜ በሩን በአንዴ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ግንቡ ዳነ። የተጠራቀመው ውሃ ግን አንድ ላይ ወረደ።

ድልድዩ ሥር ሙሉሰው ዘንጉን ሲመለከት፣ ውሃው ዓይኑ እያየ አንድ ክንድ ጨመረ። የእሱ መመሪያ «ልኩን ጻፍ፣ ላክ፣ ትእዛዝ ጠብቅ» ይላል። ባለፈው ክረምት ሳይታዘዝ ጥሩምባ ነፍቶ ሰው ሁሉ ሸሸ፤ ጎርፉ ቀረ፤ ባዶ ቤት ያገኘ ሌባ ከብቱን ነዳው። «ሁለተኛ ብትደግም ከሥራ ትሰናበታለህ» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶት ነበር። ሙሉሰው መጻፊያውን ጥሎ ጥሩምባውን አነሣ። በሜዳው ዳር እየሮጠ ነፋ፤ በየመካከሉ «ወደ መንገዱ! ወደ መንገዱ ውጡ!» እያለ ጮኸ። በዚያ ሜዳ ከመንገዱ በቀር ከፍ ያለ ቦታ የለም። ከመቶ በላይ ሰው ከሩዙ ወጥቶ ሮጠ።

እናኑ በዚያው ሰዓት ኤክስካቫተር የሚባለውን የመሬት መቆፈሪያ መኪና አስከትላ መንገዱ ላይ ደርሳለች። የመንገዱ ቱቦዎች በሸንበቆና በግንድ ተደፍነው፣ መንገዱ ግድግዳ ሆኖ ውሃውን አግዶታል። የታገደው ውሃ ታች መንደር ተኛ። ሰው ሁሉ ለአረም ወርዷልና መንደሩ ውስጥ የቀሩት ሽማግሌና ሕፃናት ናቸው፤ ገሚሶቹ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። የእሷ መመሪያ «ያለ ዞኑ ፈቃድ መንገድ አይቆረጥም» ይላል። «ፈቃዱ እስኪመጣ እነዚህ ልጆች የሉም» አለች። ውሃው ከመንደሩ እንዲሸሽላት ራቅ ያለ ቦታ መርጣ ለኦፕሬተሩ «እዚህ ጋ ቁረጠው» አለችው። ዝናቡና ጭጋጉ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። ከሩዙ የሚሮጠው ሰው ወደዚያው ቦታ እንደሚመጣ አላየችም፤ የነገራትም የለም።

አንጓች መንገዱ ሥር ስትደርስ ውሃው ወገቧ ላይ ነበር። ካሴ ከኋላ ገፍቶ አወጣት። ብርቄ እግሯ ጭቃ ይዞት ወደ ኋላ ቀርታለችና ሊያመጣት ተመለሰ። አገኛት፤ እጇን ያዘ፤ ሃያ እርምጃ ያህል ቀራቸው። «እስከዚያ ድረስ ውሃው ቆሞ ነበር» ትላለች አንጓች። «ከዚያ ሄደ።» መንገዱ ሲቆረጥ የተኛው ውሃ በአንዴ ወደ ቀዳዳው ተጎተተ። ካሴ የልጂቱን እጅ ወደ ላይ፣ ወደ ሚስቱ አነሣው፤ ተቀበይኝ እንደሚል ሰው። አንጓች እጇን ዘረጋች። አልደረሰችም።

በዚያ ቀዳዳ አሥራ አራት ሰው ሄደ። ታች መንደር ግን ውሃው በግማሽ ሰዓት ጎደለ፤ ሁለት መቶ ሰው ተረፈ። ከተረፉት መካከል የአንጓች ሁለት ሕፃናት ከአያታቸው ጋር ጣሪያ ላይ ተገኙ።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። የካሴ አስከሬን ተገኘ፤ የብርቄ አልተገኘም። የተፈናቀለው ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተጠልሎ ሳለ አንድ መልእክተኛ ከወረዳው ደብዳቤ ይዞ መጣ። «ጎርፍ ሲመጣ ሦስቱ ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ሰው ቃል ይታዘዙ። ከሦስቱ ባለሙያዎች አንዱን ሕዝቡ ይምረጥ፤ ሌሎቹ ያለ እሱ ቃል በር አይክፈቱ፣ ጥሩምባ አይንፉ፣ መንገድ አይቁረጡ። እስከ ዛሬ ማታ ስም ካልቀረበ ሁሉም በየመመሪያው ይቀጥላል» ይላል።

ሰዉ ክፍል ውስጥ ተሰበሰበ። ሦስቱም ጠባቂዎች መጥተው ሰሌዳው ሥር ቆሙ። የአለኸኝ ወገን «ግንቡን ባያድን ኖሮ ዛሬ የሚመርጥም አይኖር» አለ። የሙሉሰው ወገን፣ እንጀራውን ለእኛ ሲል አደጋ ላይ የጣለ እሱ ብቻ ነው አለ። የእናኑ ወገን በአብዛኛው አሮጊቶች ነበሩ፤ ከጣሪያ የወረዱ አሮጊቶች። የታቀፉትን ልጅ አሳዩ። ክርክሩ ወደ ስድብ፣ ስድቡም ወደ ዱላ ሊሄድ ሲል የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ውቤ ተነሡ።

«በቃ። ከሁላችን ይልቅ የተጎዳችው አንጓች ናት፤ ከሁላችን ይልቅ የተረፈላትም እሷው ናት። እሷ ትበል» አሉ። ሰዉ ተስማማ።

አንጓች መናገር አልፈለገችም። ጥሩምባው ባይነፋ እሷ ራሷ የለችም። መንገዱ ባይቆረጥ ሁለቱ ልጆቿ የሉም። ግንቡ ቢናድ ማንም የለም። ደግሞ ውሃው ባይጠራቀም፣ ወደ መንገዱ ባይባሉ፣ መንገዱ ባይቆረጥ፣ ካሴ ዛሬ አጠገቧ ነበር። ማንን እንደምታመሰግን፣ ማንን እንደምትረግም መለየት አቃታት። በመጨረሻ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ቀን እያንዳንዳችሁ ሌሎቹን ሁለቱን ለምን አልጠየቃችሁም? አቶ አለኸኝ፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

አለኸኝ አንገቱን ደፋ። «ስልካቸውን አላውቀውም ነበር፣ ወይዘሮ አንጓች።»

«ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግቢ?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«አንተስ፣ ሙሉሰው?»

«ብጠይቅ ኖሮ ደብዳቤ አምጣ ይሉኝ ነበር።»

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«ጊዜ አልነበረም» አለች እናኑ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ሌላ ጊዜም ጊዜ አይኖርም።»

አንጓች ወደ ሦስቱም ዞረች። «እሺ፤ ያለፈው አለፈ። ነገ ያው ውሃ ቢመጣስ ምን ታደርጋላችሁ?»

አለኸኝ ቀና አለ። «ጥፋቴን አውቄያለሁ። ሁለተኛ አልዘገይም። ቀዩን እንደነካ እከፍታለሁ፤ ሜዳው ላይ ሰው ይኑር አይኑር አላይም። ማየቴ ነው የገደላቸው።»

ሙሉሰው ቀጠለ። «እኔም ጥፋቴን አውቄያለሁ። ሰውን ወዳላረጋገጥኩት ቦታ ነው የጠራሁት። ሁለተኛ መንገዱ ላይ ሄጄ በዓይኔ ሳላይ ጥሩምባ አልነፋም።»

የእናኑ ተራ ደረሰ። «እኔ ሁለተኛ መንገድ አልቆርጥም። ፈቃድ ይምጣ፤ ካልመጣ አልነካውም። በእኔ ትእዛዝ ሰው ሲሄድ ሁለተኛ ማየት አልችልም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ሦስቱም መጸጸታቸው ደስ አሰኘው። አንጓች ግን ራሷን አልነቀነቀችም። ሦስቱ የተናገሩትን በልቧ አንድ በአንድ አስከትላ አየችው። ውሃው በሰዓቱ ይለቀቃል፤ ጥሩምባው ይዘገያል፤ መንገዱ ዝግ ሆኖ ይጠብቃል። ያን ጊዜ የሚሞተው አሥራ አራት ብቻ አይሆንም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስህተት አርመዋል፤ እርስ በርስ ግን አሁንም አልተያዩም። አሁን እንኳ እሷን እያዩ ነው የተናገሩት።

ከሦስቱ የአንዱን ስም ከመጥራት በቀር ሌላ መላ አልነበራትም። ቃሉን ለአለኸኝ ብትሰጥ፣ ውሃው ሲነሣ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው፤ ግን ከግድቡ ላይ ሆኖ መንገዱ አይታየውም። ለሙሉሰው ብትሰጥ፣ ሜዳውንና ሰዉን በስም ያውቃል፤ ግን ውሃው እሱ ጋ ሲደርስ ረፍዷል፣ ቃል ለማድረስ ጊዜ የለም። ለእናኑ ብትሰጥ፣ ከመመሪያ ይልቅ ነፍስን ያስቀደመች እሷ ናት፤ ግን ያ ልብ ከካሴና ከብርቄ ጋር በቀዳዳው ወርዷል። ስም ካልጠራች ደግሞ ሁሉም ወደየመመሪያው ይመለሳል። ልጆቿን ይዛ ከሜዳው ርቆ ወዳለው ጭንጫ ኮረብታ ልትወጣ አስባ ነበር፤ ግን ጭንጫ ላይ ሩዝ አይበቅልም።

«ልጄ፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው» አሉ አባ ውቤ። «መልሳችንን ይዞ የሚመለሰው መልእክተኛም ሊሄድ ነው።»

ውጭ ተራራው ጠቁሯል፤ ጳጉሜም ገና አልገባም። ከወረዳው የመጣው ሰው እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ሦስቱ ጠባቂዎች ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ከሦስቱ አንዱም እኔን ምረጡኝ የሚል ፊት አልነበረውም፤ ይልቁንስ እያንዳንዳቸው የሌላው ስም እንዲጠራ የሚለምኑ ይመስሉ ነበር። አንጓች አፏን ከፈተች።

ታሪኩን ያወረሱን ሰዎች ከዚህ በኋላ ይለያያሉ፤ አንዱ የአንዱን፣ ሌላው የሌላውን ስም ጠራች ይላል፤ ምንም ሳትናገር ወጣች የሚልም አለ። እኔ ማንኛውንም አላረጋግጥም። እናንተ የሰማችሁ ግን ፍረዱ፦ ባሏንና ልጇን ከወሰዱባት፣ እሷንና ሁለት ልጆቿን ካተረፉ ከእነዚያ ሦስት ሰዎች፣ የሸንበቆ ሜዳን ነፍስ የሚይዘው ቃል የሚገባው ለማን ነው?