አፈር የለበሰው ዝግባ

አንድ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ፤ አያ ልየው ይባላሉ። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት መንደሮች በድንበር ሲጋደሉ ኖረው በመጨረሻ የታረቁት በእሳቸው ነው። ዕርቁም የወረደው በሁለቱ መንደሮች መካከል ባለው ደን፣ ከዛፎቹ ሁሉ በዕድሜ በሚበልጠው ዝግባ ሥር ነበር። «ይህ ዝግባ ለምለም እስከሆነ ድረስ ደም አንፋሰስም» ብለው ተማማሉ።

አያ ልየው በዚያው ቀን አንድ ሥርዓት አወጡ። ከእንግዲህ የተጣላ ሁሉ ከተጣላበት መሬት አንድ ቁና አፈር ይዞ ይመጣል፤ ከባላጋራው ጋር ሆኖ ከግንዱ ሥር ይደፋውና «ጠባችን እዚህ ተቀበረ» ይላል። ብሶቱን ሊናገር አፉን የሚከፍት ካለ አያ ልየው ያቋርጡታል። «ተው ልጄ፣ ነገር አታብዛ። አፈር አልብሰው!» ይሉታል። ሰዉም ይስቃል፤ ይቅር ለእግዜር ተባብሎ ይበተናል። አያ ልየውም በሥራቸው ደስ እያላቸው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ብዙ ዘመን አለፈ። አንድ በጋ ላይ የዝግባው ጫፍ መድረቅ ጀመረ። ቅጠሉ ሳሳ፤ ቢጫ ሆነ። አንዱ ነቀዝ ነው ብሎ የደረቀውን ቅርንጫፍ ቆረጠ። ሌላው ዓይን በልቶታል አለ። ጸበል ረጩት፤ አመድ ነሰነሱበት። ዛፉ ግን ባሰበት። ያን ጊዜ ላይ ቤቶች «መርዝ ያጠጡት ታች ቤቶች ናቸው» አሉ። ታች ቤቶችም «መሐላውን ልታፈርሱ እናንተ ናችሁ ያጠጣችሁት» አሏቸው። ጎረምሶቹ ዱላ መምረጥ ያዙ።

አያ ልየው እህል አልወርድ አላቸው። ዛፉ ከሞተ የዕድሜ ልክ ድካማቸው አብሮ መሞቱ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውም ሊተላለቁ ነው። ጨነቃቸውና የገዳም ደን ሲጠብቁ የኖሩ እማሆይ ጸዳለ የሚባሉ መነኩሲት አስጠሩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ጫፉ ሲጠቁም እማሆይ ጎንበስ ብለው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። በደኑ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ ዞሩ፤ የእያንዳንዱን ግርጌ ዳበሱ። ተመልሰው መጡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦

«አያ ልየው፣ ልጅ ሳሉ ከዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያውቃሉ?»

«እንዴታ እማሆይ! ሥሩ እንደ ጉልበት ወጣ ወጣ ያለ ነበር። እሱ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው።»

«ታዲያ ያ ሥር የት ገባ?»

አያ ልየው አዩ። ሌሎቹ ዛፎች ሁሉ ወደ መሬት ሲደርሱ ሰፋ ብለው ምድሪቱን ጨብጠዋል። ዝግባው ግን እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ገብቷል።

«ዛፍ በእግሩም ይተነፍሳል» አሉ እማሆይ። «ከላይ የምታዩት የታፈነው ሥር ሕመም ነው። አፈሩን አንሡለት።»

ሰዉ ደነገጠ። «የተቀበረ ጠብ ሊወጣብን!» ብሎ አጉረመረመ። አያ ልየው ምድር ብትውጣቸው በወደዱ። ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ በምስጥ ማሳበብም ይችሉ ነበር። ነገር ግን የጎረምሶቹን ዱላ አዩና ጋቢያቸውን አውልቀው ዶማ አነሡ።

«መርዝ ያጠጣው ማንም የለም» አሉ። «ያፈንኩት እኔ ነኝ።»

እማሆይ ዶማውን ከእጃቸው ወሰዱ። «ሥሩን ይቆርጥብዎታል። በእጅ ነው።»

ሁለቱም መንደሮች ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። ቀይ አፈር ወጣ፤ ከሥሩ ጥቁር፣ ከዚያ ደግሞ ቀይ። መኳንንት የሚባል የታች ቤት ገበሬ እፍኝ ቀይ አፈር ይዞ ቆም አለ።

«ይህ የእኔ ማሳ አፈር ነው» አለ። «ባላጋራዬ ድንበሬን ገፍቶ አርሶብኝ ነበር። ልናገር ስል አያ ልየው አስቆሙኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።»

ባላጋራው ከግንዱ ወዲያ ማዶ ተንበርክኮ ነበር። አያ ልየው እንደ ልማዳቸው «ተው ልጄ» ሊሉ ከጀሉና ከንፈራቸውን ነከሱ። ባላጋራው ቀና ሳይል «እውነቱን ነው፤ ገፍቻለሁ» አለ። አያ ልየው አለቀሱ። ይህችን አንዲት ቃል ስንት ዘመን ከለከልኳት ብለው ነው ያለቀሱት።

ሥሩ ሲገለጥ በአንድ ወገን ልጡ በስብሶ ይሸት ነበር። በሌላው ወገን ገና ነፍስ ነበረው። ክረምቱ ሲገባ የደረቀው ጫፍ እንደደረቀ ቀረ፤ በደህናው ወገን ግን ቅጠል አቆጠቆጠ። አፈሩን ወደየማሳው መለሱት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የተጣላ ሰው ከተገለጠው ሥር ላይ ይቀመጣል፤ ነገሩን እስኪጨርስ ድረስም የሚያቋርጠው የለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። የደረቀ ቅጠል ስናይ መርዝ ያጠጣውን ሰው ፍለጋ እንሮጣለን፤ አፈሩን ግን በገዛ ቁናችን ያመጣነው እኛው ነን። ሳይሰማ የተቀበረ በደል ከሥር ሆኖ ያፍናል።

በእናንተስ ቤት «ተዉት» ተብሎ አፈር የለበሰ ነገር የለም? ጫፉ ሳይደርቅ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።