አንድ ብርድ ልብስ በሦስት ቃል

ልንገራችሁ ወይስ ልተወው? ንገሪን ካላችሁ እሺ፤ ግን እግራችሁ ሞቆ በሰው ብርድ አትሳቁ።

ምንታምር የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት፤ ሙቀቱ ሰውን ከቤት አውጥቶ ደጅ የሚያስተኛበት አገር። ለትምህርት ዩክሬን ሄዳ የተማሪዎች ማደሪያ በገባችበት ቀን፣ ዕቃ የምታድለው ፓኒ ሃሊና (ፓኒ በእነሱ ወይዘሮ ማለት ነው) ወፍራም ብርድ ልብስ ዘረጋችላት። ምንታምር ሴትዮዋ ከራሷ የምትሰጣት መሰላትና አፈረች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ፣ ይቅርብዎ፣ አይቸገሩ» አለች። አገሯ ቢሆን «በሞቴ» ተብላ፣ ተለምና፣ በሦስተኛው ትቀበል ነበር። ሃሊና ግን ሁለተኛ አልለመነችም። ብርድ ልብሱን መደርደሪያው ላይ መለሰችና መዝገቡ ላይ «አልፈልግም ብላለች» ብላ ጻፈች።

ኅዳር ገባ፤ በረዶ ወረደ። ምንታምር ያላትን ልብስ ሁሉ ደራርባ ብትተኛም ብርዱ ደረቷ ገባ፤ ሳል ጀመራት። ከመዝገበ ቃላት አንዲት ቃል ፈልጋ ወደ ሃሊና ወረደች። «ኮውድራ» አለች፤ ብርድ ልብስ ማለት ነው።

«ኮውድራ ምን ሆነ? ማን ምን አደረገው?» አለች ሃሊና። «ሙሉ ዓረፍተ ነገር አምጪ፤ ያኔ መዝገቡን አስተካክላለሁ።» ይህን የተናገረችው በእጇና በቅንድቧ ቢሆንም ምንታምር አንዱም አላመለጣትም።

ክፍሏ ገብታ ደብተሯን ገለጠች። «ኮውድራ፣ እባክሽ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግቢልኝ። ዓረፍተ ነገር ከሌለ ሃሊና አትሰጥም፤ ሃሊና ካልሰጠች እኔ በብርድ ማለቄ ነው።»

«እንዲህ እንዳለሁ አልገባም» አለች ኮውድራ። «እዚህ አገር የሚፈለግ ነገር ጫፉን ይቀይራል፤ ኮውድሩ መባል አለብኝ። ግስ ካልጎተተኝ ግን አልቀየርም።»

ግሱ ኾቹ ይባላል፤ እፈልጋለሁ ማለት ነው። «ኾቹ፣ ኮውድራን ጎትትልኝ። ካልጎተትካት ጫፏን አትቀይርም፤ ካልቀየረች ዓረፍተ ነገር የለም፤ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ሃሊና አትሰጥም፤ ሃሊና ካልሰጠች እኔ በብርድ ማለቄ ነው።»

«የእናንተ አገር ግስ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉን ይጠብቃል አሉ» አለ ኾቹ። «እኔ መሐል ነው የምቆመው። ባለቤቴን ከፊቴ ካላቆምሽልኝ ንቅንቅ አልልም።»

ባለቤቱ ‹ያ› ናት፤ እኔ ማለት ነው፤ አንዲት ፊደል ብቻ። «‹ያ›፣ ተነሽልኝ። ካልተነሣሽ ኾቹ አይጎትትም፤ ካልጎተተ ኮውድራ ጫፏን አትቀይርም፤ ካልቀየረች ዓረፍተ ነገር የለም፤ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ሃሊና አትሰጥም፤ ሃሊና ካልሰጠች እኔ በብርድ ማለቄ ነው።»

«እኛ ሠላሳ ሦስት ፊደላት ነን፤ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ» አለች ‹ያ›። «መምህርቷ ካልጠራችኝ ከመጽሐፍ አልወጣም።»

መምህርቷ ፓኒ ሶሎሚያ በሳምንት አንድ ፊደል ነው የምታስተምረው። ምንታምር በማግስቱ እጇን አወጣች፤ በአማርኛና በምልክት ለመነች። «መምህር፣ ‹ያ›ን ይጥሩልኝ። ካልጠሯት አትነሣም፤ ካልተነሣች ኾቹ አይጎትትም፤ ካልጎተተ ኮውድራ ጫፏን አትቀይርም፤ ካልቀየረች ዓረፍተ ነገር የለም፤ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ሃሊና አትሰጥም፤ ሃሊና ካልሰጠች እኔ በብርድ ማለቄ ነው።»

«ተራ ይከበራል» አለች ሶሎሚያ። «ገና አሥራ ሁለተኛው ላይ ነን። ግንቦት ላይ እንደርስባታለን።»

ይሄ ያናድዳል። ሰው እንዴት «እኔ» ለማለት ግንቦትን ይጠብቃል? በግንቦት ብርድ ልብስ ምን ያደርግላታል? ምንታምር ግን የምትናደድበት ቋንቋ ገና አልደረሳትም። ተቀመጠችና ሳለች።

ሳሏ ባሰ። ሶሎሚያ ፊደል ስትጠራ ሳሉ ይቀድማታል፤ የፊደሉን ድምፅ የሰማ የለም። አንዱ ፊደል ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንድ ቀን ሶሎሚያ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ይህቺ ልጅ ምን ሆና ነው?»

«ብርድ ልብስ የላትም» አሉ ተማሪዎቹ።

«እንግዲያው ወስዳ ትሸፈንና እኛም እንማር።»

የልጅቷ ብርድ ያሳዘነው ሰው አልነበረም፤ የረበሻቸው ሳሏ ነው። ሳሉ መምህርቷን አስመረራት፤ መምህርቷ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ ገለበጠች፤ ‹ያ› ተጠርታ ተነሣች፤ ኾቹ ባለቤቱን አይቶ ጎተተ፤ ኮውድራ ተጎትታ ኮውድሩ ሆነች፤ ዓረፍተ ነገሩ ሞላ። ምንታምር ደረጃውን እየተደገፈች ወርዳ «ያ ኾቹ ኮውድሩ» አለች። ሃሊና የቀድሞውን ጽሑፍ ሰርዛ ብርድ ልብሱን ሰጠቻት።

«አሁን ሰው ሆንሽ» አለቻት።

ምንታምር ሁለት ሌሊት ሞቋት ተኛች። በሦስተኛው ቀን ሳንባዋ ታሞ ሆስፒታል ገባች። እዚያ ስትንቀጠቀጥ አንዲት ነርስ አየቻት፤ ሄደችና ሁለት ብርድ ልብስ አምጥታ ደረበችላት፤ እግሯንም ጠቀለለችላት። ምንታምር ሦስቱን ቃላት በአፏ ይዛ ጠበቀች፤ ነርሷ ግን ምንም አልጠየቀቻትም። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የብርዱን ወራት ሁሉ ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

ተረቴ ይኸው ነው። ወስዳችሁ ለበረደው ሰው አልብሱልኝ፤ ዓረፍተ ነገር ግን አትጠይቁት።