ከቦዩ ጭራ የሚጠጡት ዳኛ

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንተ ሽብሩ፣ ቅድም እዚሁ ድልድዩ ሥር ቁጭ ብለን «መኪና ያጠብኩበትን ጄሪካን ደንብ አስከባሪ ሲወስድብኝ፣ ከላይ ወንዙን የሚያጠቁረውን ፋብሪካ ለምን አይነካም?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል? እንግዲያው ስማኝ።

ሽማግሌው የውኃ አባት ነበሩ። በአገሩ ቦይ ማን መቼ እንደሚያጠጣ ተራ ያወጣሉ፤ ጠብ ሲነሣም ይዳኛሉ። ያ አገር አንድ ልማድ ነበረው። የውኃ አባት ከመፍረዱ በፊት ቦዩ እስከሚያልቅበት ማሳ ድረስ በእግሩ ይወርዳል፤ ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ይጠጣል፤ ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው። ላይ ያለው ቢያቆሽሽ ዳኛው ታች ይቀምሰዋል፤ ማን ይሸውደዋል?

ደግ ዘመን ነበር። ውኃው ጠጠሩን አንድ በአንድ ያሳይ ነበር። ሴቶቹ ጎመን እያጠቡ ይበሻሸቃሉ። ተራው ያለፈበት ሰው «አያ፣ ትንሽ ልቀቅልኝ» ሲል ይለቀቅለታል። ቦይ ጠረጋ ሲደርስ ባለጠጋውም ድኻውም አካፋ ይዞ ይወጣል። በጭራው ማሳ ነጭ ሽንኩርት የሚተክሉት የሽማግሌው ሚስት ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ማሳው ለልጃቸው ለብርቄ ሆነ፤ ብርቄ ባሏ ሞቶባት አራት ልጅ የምታበላው ከዚያችው መሬት ነው።

አንድ ባለጠጋ መጣና ከቦዩ ራስ ላይ ቆዳ ፋብሪካ ተከለ። የአገሩ ሹም መርቆ ከፈተለት። ዓመት ሳይሞላ ውኃው ገማ፣ የብርቄ ሽንኩርት ቢጫ ሆነ። ሕዝቡ ጮኸ። ሹሙም «ወንዙን የሚጠብቅ ደንብ ይውጣ!» አለ፤ ተጨበጨበ። ደንቡን ማን ይጻፍ? የሹሙን ቢሮ ያሠራለት ባለጠጋው ነው፤ ጸሐፊም ያለው እሱ ነው፤ እሱ ጻፈው።

የቀረው የውኃ አባት ጣት ነው፤ ያለሳቸው ጣት ሕዝቡ አያምንም። በመኪና ወደ ባለጠጋው አዳራሽ አመጧቸው።

«ቦዩ ጭራ ሳልወርድማ አልፈርምም» አሉ።

«አባባ፣ በዚህ ጉልበትዎ?» አለ ሹሙ፤ «የጭራው ውኃ ራሱ መጥቶልዎታል፤ አሁን ጠርቷል።»

ብርጭቆ አቀረቡላቸው። ጠጡ። ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ፣ ልክ ያኔ ሚስታቸው በቅል ቀድተው ይሰጧቸው እንደነበረው። ከየት እንደተቀዳ አልጠየቁም፤ ከፋብሪካው በላይ ካለው ምንጭ ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይኼማ የድሮው ውኃችን ነው!» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

በሳምንቱ ብርቄ እያለቀሰች መጣች። ደንብ አስከባሪዎች በቦዩ ጎመን አጥበሻል ብለው ገበቴዋን ወስደውባታል። ደንቡ ልብስ ማጠብ፣ ጎመን ማጠብ፣ ከብት ማጠጣት ክልክል ነው ይላል። ስለ ፋብሪካው ያለው «እንደ አቅሙ ይጠነቀቃል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ጣትህ አለበት አሉኝ።»

«ቀምሼው እኮ ነው፣ ልጄ።»

«የት ነው የቀመስከው?»

ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው እስከ ጭራው ወረዱ። በእፍኛቸው ጨለፉ፤ አፋቸው ሳይደርስ ሽታው መለሳቸው። ከዚያው በቀጥታ ሹሙ ዘንድ ሄደው «ጣቴን መልሱልኝ» አሉ።

ሹሙ ሳቀ። «አባባ፣ ጣትዎማ እጅዎ ላይ ነው፤ እኛ ጋ ያለው ቀለሙ ነው።»

በዚያ ዓመት ብርቄ ልጆቿን ይዛ ከተማ ገባች። ማሳው ጦም አደረ።

አየህ ሽብሩ፣ ሽማግሌው ክፉ አልነበሩም። ናፍቆታቸውን በብርጭቆ ቀድተው አጠጧቸው እንጂ። ባለጠጋው ለገንዘቡ ይጽፋል፣ ሹሙ ለወንበሩ ያጸድቃል፣ የሁለቱም ማድጋ የሚሞላው ከላይ ነው። አንተና እኔ ከድልድዩ ሥር፣ ጭራው ላይ ነን። አንተን የያዘህ ደንብ ሲጻፍ እዚህ ድረስ ወርዶ የቀመሰ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ነው ፋብሪካውን ዘሎ ጄሪካንህን ያገኘው።