ሥራ አስኪያጁ በእንግሊዝኛ ሲጠሩ

በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በማታ ትምህርት እንግሊዝኛ የቀመሰ ዘበኛ ነበር። የውጭ አገር እንግዶች መጥተው ሥራ አስኪያጁ አቶ አጥናፍሰገድ የት እንዳሉ ቢጠይቁት፣ "ሂ ኢዝ ካሚንግ" አላቸው። አቶ አጥናፍሰገድ ከኋላው ሰምተው ኖሮ፣ "እኔን እንደ እኩያህ 'እሱ' ትለኛለህ? ብትደግማት ትባረራለህ!" ብለው ጮኹበት።

ዘበኛው ደነገጠ። ሲያወጣ ሲያወርድ አደረና፣ አማርኛው ሰውን ሲያከብር እንደሚያበዛ ሁሉ እንግሊዝኛውንም ማብዛት ነው ብሎ ቆረጠ። በማግስቱ እንግዶቹ ሲመለሱ፣ እጅ ነሥቶ "ዜይ አር ካሚንግ" አላቸው። እንግዶቹም ብዙ ሰው የሚመጣ መስሏቸው ወንበር ደርድረው ቢጠብቁ፣ አቶ አጥናፍሰገድ ብቻቸውን ገቡ። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

"መሳቂያ አደረግኸኝ! ዛሬ ሥራህን ትለቃለህ!" አሉ አቶ አጥናፍሰገድ።

"ጌታዬ፣ የእኔ እንግሊዝኛ አጭር ጋቢ ነው፤ ራሴን ስሸፍንበት እግሬ ይወጣል። 'ሂ' ስልዎ አዋረድከኝ አሉ፣ 'ዜይ' ስልዎ አበዛኸኝ አሉ። ከተማርኩት የቀሩኝ 'ሺ' እና 'ኢት' ብቻ ናቸው፤ አንዷ ለሴት፣ አንዷ ለዕቃ። እኔ መምረጥ አልችልበትም፣ እርስዎ ይምረጡልኝ።"

አቶ አጥናፍሰገድም፣ "ኧረ 'ሂ' በለኝ!" አሉት።