የአባቴ አዲስ ጫማና የእማማ ደብሬ ሳፋ

ለገና ወደ ላሊበላ ለመሄድ ያሰበ ጎረቤት ሁሉ ከጉዞው በፊት እኔ ዘንድ ብቅ ይላል። «እትዬ ብርቄ፣ አንቺ ሄደሽ ታውቂያለሽ፤ ምን እንያዝ? የት እንረፍ? በስንት ሰዓት እንውጣ?» ይሉኛል። የማልፈራው ነገር እንደሌለ ስለሚያውቁ ረጅም ዝርዝር የምነግራቸው መስሏቸው ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘው ነው የሚመጡት። እኔ ግን የምሰጣቸው አንዲት አባባል ብቻ ናት። እሷም ከታሪኳ ተነጥላ ከተነገረች ምንም አትጠቅምም። ስለዚህ «ቁጭ በሉ፤ መጀመሪያ ስለ አባቴ እግር ልንገራችሁ» እላቸዋለሁ።

አባቴ አቶ ፈንታው ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ደሴ ያዩዋቸው ሐኪም፣ «ግራው ሄዷል፤ ቀኙም ብዙ አይቆይም» ብለው ቁርጡን ነገሩን። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ሳለቅስ አባቴ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ብርቄ፣ እንግዲያውስ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ቤዛ ኩሉን ልየው» አሉኝ። ቤዛ ኩሉ በገና ዕለት ጠዋት በላሊበላ ቤተ ማርያም ግቢ፣ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በአለቱ ጠርዝ ላይ ግማሾቹ ከታች ሆነው እየተቀባበሉ የሚያዜሙት ነው። አባቴ በሬዲዮ ሰምተውት ያውቃሉ። አይተውት ግን አያውቁም። የቀራቸው ዓይን አንድ ነው፤ የሚያዩበት ገና ደግሞ ምናልባት ያው አንድ ብቻ።

ለዚያ ጉዞ አንድ ወር ሙሉ ተዘጋጀሁ። ሁለት ብርድ ልብስ፣ የፈላ ውሃ በጀሪካን፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ የሆድ ኪኒን፣ የቁስል ፕላስተር፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ያዝኩ።

«ፊሽካው ደግሞ ለምንድን ነው?» አለ ባለቤቴ።

«ሰው ሲበዛ ብንጠፋፋስ?»

«አባትሽ ቤተ ክርስቲያን መሃል ቆመው ፊሽካ ሲነፉ ታየኝ» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሳቅ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የላሊበላ ድንጋይ ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን የኖሩት በጎማ ጫማ ነው። በዚያ ጫማ ተንሸራተው ከአለት ላይ ሲወድቁ ስንት ሌሊት በሕልሜ አየሁ። ስለዚህ ከገበያው ሁሉ ጠንካራውን፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነውን የቆዳ ጫማ መርጬ ገዛሁላቸው። ሲለኩት ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ጥሩ ነው፤ ዕድሜ ይስጥሽ» አሉኝ። ዝምታቸውን ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ላሊበላ ደረስን። መኪናው ከታች ስላወረደን ሽቅቡን በእግራችን ወጣነው። አባቴ ቆም እያሉ፣ «ተራራውን ልየው» ይሉኛል። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ተራራ ማየት። እኔም ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

ያረፍነው በሥጋ ዘመድ በኩል የተገኙ እማማ ደብሬ የተባሉ ባልቴት ቤት ነው። ግቢያቸው ነጭ በለበሰ ተጓዥ ተሞልቷል። እሳቸው ነጠላቸውን አደግድገው፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርበው በሩ ላይ ይጠብቁ ነበር። በዚያ ቤት ለገና የመጣ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አይገባም። የሚያጥቡትም ባለቤቲቱ ራሳቸው፣ ተንበርክከው ነው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! አባባ፣ እዚህች ድንጋይ ላይ አረፍ ይበሉና እግርዎን ይስጡኝ።»

አባቴ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እኔ ደግሞ ሳፋውን ሳይ ብርዱ ታየኝ፤ ከብርዱ በኋላ ጉንፋኑ፣ ከጉንፋኑ በኋላ የሳንባ ምች። ያ ሁሉ ሰው የታጠበበት ዕቃ መሆኑም ታየኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ይቅርብዎ። ብርድ ይመታቸዋል። ደግሞ እኛ የመጣነው በመኪና ነው፤ አልቆሸሽንም» አልኩ።

እማማ ደብሬ እንዳጎነበሱ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የምፈልገው ቆሻሻ መሰለሽ?»

«ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ» ብዬ አባቴን በክንዳቸው ይዤ ወደተሰጠን ክፍል ገባሁ። ከኋላዬ ሌላ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ስሙን ሲጠይቁት፣ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። እኔ የመስኮቱን መቀርቀሪያ እየሞከርኩ ነበር።

አባቴ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኙ። «በረደኝ» አሉኝ። «ጎበዝ አባዬ» ብዬ በላዩ ላይ ሁለተኛውን ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው።

ሲነጋ ግቢው ጭር ብሏል። እኔ የራሴ ዕቅድ ነበረኝ፤ በሦስት ሰዓት፣ ግፊያው ሲቀል እንወጣለን። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ አባቴ ደጅ ባለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሌሊት የቀኝ ጫማቸውን ሳያስቡት አውልቀውት ኖሮ፣ አሁን መልሰው ለማጥለቅ ይታገላሉ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል።

እማማ ደብሬ የበዓሉን ወጥ የሚያማስሉበትን ማማሰያ እንደያዙ ከማድቤት ወጡ። «እንዴ! እናንተ እስካሁን እዚህ ናችሁ? ቤዛ ኩሉ ሊጀመር ነው እኮ!»

«እኛ በሦስት ሰዓት ነው የምንወጣው፤ ሰው ሲቀል።»

«በሦስት ሰዓት የሚቀለው ሰው ብቻ መሰለሽ? ካህናቱም ቤታቸው ይገባሉ!»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩንም?»

«መቼ ፋታ ሰጠሽኝ? እኛ የምንጫወተው እግር እያጠብን ነው። ከየት መጣችሁ፣ ማን ታመመባችሁ፣ ስለታችሁ ምንድን ነው የምንለው ያኔ ነው። እግሩን ያጠብኩት ሰው እንግዳዬ ነው። ያላጠብኩት ተከራይ ነው፤ በሩን ዘግቶ ተኛ፣ ምን ልበለው?»

ይህን እያሉ ዓይናቸው የአባቴ እግር ላይ አረፈ። ማማሰያውን ጣሉት። የአባቴ ካልሲ ተረከዙ ላይ በደረቀ ደም ተጣብቆ ነበር።

«ምንም አይደለም። ትንሽ ላጥ አድርጎኝ ነው» አሉ አባቴ፣ እንደ ልጅ እግራቸውን ከድንጋዩ ሥር እየደበቁ።

ሳፋው መጣ። እማማ ደብሬ በለብታው ውሃ ካልሲውን አርሰው አርሰው ቀስ ብለው አላቀቁት። የግራውንም ጫማ አውልቀው እንዲሁ አደረጉ። የሁለቱም እግር ተረከዝ ተገሽልጦ ሥጋው ታየ። ከደሴ ጀምሮ፣ ያን ሽቅብ ሁሉ፣ ሌሊቱንም ችለውት ኖሯል። ፕላስተሩ ከሻንጣዬ ሥር ነበር። እኔ ያልፈራሁት አንድ ነገር ቢኖር ራሴ የገዛሁትን ጫማ ነው።

«አባዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ እንዳልወድቅ ብለሽ የገዛሽልኝን እንዴት አወልቀዋለሁ?» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ ብታይው ትመልሽኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ እመልሳቸው ነበር። እኔም ተንበረከክሁ። አንዱን እግር እማማ ደብሬ፣ አንዱን እኔ አጠብን። በሕይወቴ የአባቴን እግር ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔን ትምህርት ቤት ለማስገባት ስንት አገር የዞረ እግር ነው፤ እንደዚያ የቀለለ አልመሰለኝም ነበር።

እማማ ደብሬ ከንጹሕ ነጠላ ቀደው ቁስሉን ጠቀለሉና ወደ አጥሩ ዞረው ተጣሩ። «ጌጡ! አንተ ጌጡ!»

ወንድማቸው አያ ጌጡ ለተጓዦች የሚወስደውን ውሃ በበቅሎ ሊጭን ሲታገል ነበር። «ምን ሆንሽ? ወጡ ገነፈለ?»

«ወጡ ይገንፍል! ውሃውን አውርድና እንግዳዬን ጫንልኝ።»

«ትናንት ተከራይ ናቸው አላልሽም?»

«ዛሬ አጥቤያቸዋለሁ!»

አያ ጌጡ ውሃውን አወረደ። አባቴን በቅሎዋ ላይ አውጥቶ፣ ሕዝብ ያጨናነቀውን ዋና መንገድ ትቶ፣ የአገሩ ሰው ብቻ በሚያውቃት በቤቶቹ ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ ወሰደን። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ፣ «በቅሎዋ አትደነብርም? ገደል የለም?» እላለሁ። «እትዬ፣ በቅሎዋ የምትደነብረው በአንቺ ድምፅ ነው» አለኝ።

ቅጽሩ ጋ ስንደርስ ሁሉም ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። ያ የቆዳ ጫማ ባይቆስሉበትም ከዚያች በር አያልፍም ነበር። ከፊታችን ሕዝቡ እንደ ግድግዳ ቆሟል። እኔ ፊሽካዬን ኪሴ ውስጥ ስፈልግ አያ ጌጡ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ወገኖቼ! የደብሬ እንግዳ ናቸው፤ እግራቸው ቆስሏል፤ አሳልፉልን!»

የእማማ ደብሬን ስም የሚያውቀው ሁሉ ዞረ። አንዱ ብብታቸውን፣ አንዱ ወገባቸውን ያዘ። አባቴ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ እስከ አለቱ ጠርዝ ደረሱ፤ እኔም በእሳቸው ጥላ ሾልኬ ገባሁ። ከላይም ከታችም ነጭ የለበሱ ካህናት ተሰልፈው፣ መቋሚያቸው እኩል ይነሣል፣ እኩል ይወርዳል። ገና መጀመሩ ነበር።

«አባዬ፣ ይታይዎታል? ጠርዙን አይጠጉ! ደህና ይታይዎታል?»

«ብርቄ» አሉኝ፣ አንዷን ዓይናቸውን ከካህናቱ ሳይነቅሉ፣ «ዝም በይና አብረሽኝ እይ።»

ዝም አልኩ። ዝማሬው እስኪያልቅ ድረስ ምንም አልፈራሁም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አባቴ ጨርሰው ማየት ሲያቅታቸው፣ ልጆቼን ሰብስበው ያን ጠዋት ይተርኩላቸው ነበር። የነጠላውን ጥለት ቀለም ሳይቀር ይነግሯቸዋል።

ያን ዕለት ስንመለስ ወጡ ከሥሩ አርሯል። እማማ ደብሬ ግድ አላላቸውም። አባቴን ካስተኙ በኋላ ሳፋውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«አሁን ተራው የአንቺ ነው።»

«እኔ እኮ ምንም አልሆንኩም፤ አልቆሰልኩም» አልኩ፤ እንባዬ ግን ቀድሞኝ ወረደ።

«ተቀመጭ።»

ድንጋይዋ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ዘረጋሁላቸው። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ጉንፋንም ሳንባ ምችም ትዝ አላለኝም። ከየት እንደመጣሁ፣ ስንት ልጆች እንዳሉኝ፣ ለምን ይህን ያህል እንደምሰጋ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ እኔም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሲጨርሱ እግሬን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁና፣ «አገርሽ ስትገቢ ስለ መንገዱ የሚጠይቅሽ አይጠፋም፤ ስለ ሻንጣው ተይውና ይህን ንገሪው ልጄ፤ እግሩን የሰጠ መንገድ አያጣም» አሉኝ።